ለቆመ ሰው የወረደ ሙሾ

ይህ የሆነ ነገር ነው። የሚጠራጠር ካለ ወረታ ይውረድና እናኑን ይጠይቃት። ዓይኑን እያየች ትነግረዋለች።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። አምና ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ውስጥ ነው።

እናኑ ከወንድሟ ከሃምሳ አለቃ ሰውመሆን ጋር አረም ታርማለች። ሰውመሆን ቆስሎ ሳለ ምሽጉን ብቻውን ይዞ ያደረ፣ በዚያም የጀግና ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ነው።

ችግሩ... ሜዳሊያው የመጣው ከመርዶው ጋር መሆኑ ነው።

ሞቷል ተባለ። እናኑ ደግሞ ስመ ጥር አልቃሽ ናት። ሬሳ ባይኖር ልብሱን ዘርግታ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ሙሾ አውርዳ አገሩን አስለቀሰችው። ተዝካሩም ወጣ።

እሱ ለካ ስሙ ሳይታወቅ ሆስፒታል ተኝቶ ኖሯል። በመርዶው በስምንተኛው ወር በባጃጅ ከች አለ!

እልል ተባለ። እናኑ ግን ከዚያ ወዲህ ያወረደችውን ሙሾ ፈራችው። ለቆመ ሰው ሙሾ አይወርድማ።

ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ...

መጀመሪያ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ።

ቀጥሎ ከማሳው መሀል ሙሾ ተሰማ።

«ሜዳሊያው መጣልኝ... ደረቱ የት ቀረ...»

እናኑ ክው አለች። ግጥሙ የራሷ ነው። ድምፁም የራሷ ነው።

አፏ ግን ተዘግቷል።

«ሰማህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ከመጣሁ ጀምሮ እሰማዋለሁ።»

«ምነው ታዲያ ዝም አልኸኝ?»

«እንዳትጸጸቺ ብዬ ነዋ... ዛሬ ግን ቀርቧል።»

እውነትም ቀርቧል። ብዙ የሴት ድምፅ ሙሾውን ተቀበለ። ማሳው ላይ ከእነሱ በቀር አንድም ሰው የለም፤ ውሃው ግን ለቀስተኛ እየዞረ እንደሚረግጠው ሁሉ ክብ ሠርቶ ይናወጣል።

እናኑ እጁን ይዛ እንሽሽ ብትለው አሻፈረኝ አለ። ቤት ቢገባም ተከትሎት እንደሚመጣ ነገራት። እሷን ደረቁ ድንበር ላይ አወጣና ዱላውን ይዞ ወደ መሀል ገባ።

ፎከረ።

«ጥይት ያልጣለኝን ሙሾ አይጥለኝም፣
እኔ ቆሜ ሳለሁ ማንም አይቀብረኝም!»

ሙሾው ቀጥ አለ። ሰውመሆን እየፎከረ ወደ እናኑ ዞረ።

በአገሩ ወግ ፎካሪ ሲግል ከኋላው ትከሻውን ይዞ «በቃህ» የሚለው ዘመድ አይጠፋም። ፎካሪውም ዘመዱን ሰምቶ ይበርዳል።

«በቃህ... ወንድሜ... በቃህ...» አለ የእናኑ ድምፅ ከኋላው።

እናኑ ግን ከፊቱ ነበረች። ድንበሩ ላይ።

ከኋላው ማንም የለም። ሸሚዙ ብቻ ሁለት ትከሻው ላይ ተጨምድዶ ተይዟል። ሰውመሆን ዘመድ መስሎት ዱላውን ዝቅ አደረገ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተሳበ... ሁለተኛ...

የእናኑ ንዴት ከፍርሃቷ በለጠ። አንድ ጊዜ በቁሙ አልቅሳበታለች፤ ዛሬ በገዛ ድምፅዋ ልትቀማው ነው?

«እኔ አይደለሁም!» አለችው። «አይብቃህ ወንድሜ! ፎክር!»

ቀና ብሎ አያት።

«አልበቃኝም» አለ።

ወደ ፊት ተወረወረ። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጣጠሱ፤ ሸሚዙ ከላዩ ወልቆ ኋላው ቀረ። ደረቱን ገልጦ፣ እየፎከረ፣ እርምጃ በእርምጃ መጣ። እጁን ይዛ ድንበሩ ላይ ሳበችውና አቀፈችው። ልቡ ይመታል። ሕያው ነው፤ ዛሬም አለ።

እንዳቀፈችው በትከሻው ላይ አሻግራ አየች።

ሸሚዙ አልወደቀም።

ውሃው መሀል ቆሟል። ውስጡ ማንም የለም።

ባዶው እጅጌ ቀስ ብሎ ተነሣና ደረቱን ደቃ... አንዴ... ሁለቴ...