ጉዲሳ የማይዘው መልስ

ስድስት ዓመት አለፈው። ሒክማ ግን ዛሬም ቂሊንጦ የሚለውን ስም ስትሰማ ትዝ የሚላት የሠራችበት ፋብሪካ አይደለም፤ ከመጋዘኑ ጀርባ የነበረችው ጠባብ የሥልጠና ክፍልና እዚያ ተቀምጦ አንገቱን የሚያክ አንድ ረጅም ጎረምሳ ነው።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሸሚዝ እየሰፋ ወደ ውጭ በሚልክ የውጭ ባለሀብቶች ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ። ሸሚዙን የሚገዛው ትልቅ የባሕር ማዶ ኩባንያ ሠራተኛው እንዳይበደል በየዓመቱ ተቆጣጣሪ ይልካል። ሕጉ ስምንት ሰዓት ቢልም ሠራተኛው በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ስለዚህ ተቆጣጣሪዋ ከመምጣቷ በፊት ለሠራተኛው መልስ ማስጠናት የሒክማ ሥራ ሆነ። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሳህሌ ጥያቄውንና መልሱን ሰጥተዋት፣ አንድ ሰው ከሳተ የምትባረረው እሷ እንደሆነች ነግረዋት ወጡ።

ሁሉም ሠራተኛ መልሱን ያዘ፤ ጉዲሳ ብቻ አልያዘም። ጨርቅ ቆራጭ ነው፤ ፋብሪካው የቆመበት መሬት የአባቱ ማሳ ነበር። ስሙን፣ የሥራ ክፍሉን፣ እሳት ቢነሳ የሚወጣበትን በር ያንበለብለዋል። በቀን ስንት ሰዓት ትሠራለህ ሲባል ግን «አሥራ ሁለት» ይላል።

«ስምንት» ትለዋለች።

«ስምንት» ይላል። በማግስቱ ተመልሶ አሥራ ሁለት።

በአራተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ይህችን የምታህል ነገር መያዝ እንዴት ያቅትሃል ብላ ተቆጣችው። ጉዲሳ ጣቶቹን ሲያይ ቆየና፣

«ከያዝኩት እዚህ መምጣቴ ይቀራላ» አለ።

ሒክማ የያዘችውን ወረቀት ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው። ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን አጥሩ ሥር አብረው ይበሉ ጀመር። እሷ ስለ አባቷ የሳሪስ ሱቅ ታወራዋለች፤ እሱ ልጅ ሆኖ የሽምብራ እሸት ስለበላበት ማሳ፣ ዛሬ የሠራተኛ አውቶቡስ ስለሚቆምበት። ስለ ፍቅር ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። ጊዜ ያላቸው መስሏቸው ነበር።

ተቆጣጣሪዋ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት ጠየቃት።

«ነገ እውነቱን ብናገር አንቺን ምን ያደርጉሻል?»

«ያባርሩኛል።»

ራሱን ነቀነቀ።

ተቆጣጣሪዋ ቁጥብ ሴት ነበረች። ሒክማን ብቻ ለአስተርጓሚነት አስቀርታ ኃላፊዎቹን በሙሉ ከክፍሉ አስወጣች። ማን ምን እንዳለ ለማንም እንደማትናገር ቃል ገብታ አሥር ሠራተኞችን አንድ በአንድ አስገባች። ዘጠኙ ያጠኑትን አነበነቡ። አሥረኛው ጉዲሳ ነበር። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ስትጠይቀው ተቆጣጣሪዋን አላያትም፤ ያየው ሒክማን ነው።

«ስምንት» አለ።

አንዴም ሳይደናቀፍ። የዋሸው እሷ እንዳትባረር ብሎ ነው። ወደ ሴትየዋ ዞረችና በእንግሊዝኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ብላ ተረጎመችው፤ ትርፍ ሰዓቱም በግድ እንደሆነ አከለችበት።

ያቺን ቁጥር በእንግሊዝኛ ለማወቅ ተምሮ መጨረስ አያስፈልግም። ጉዲሳ ቀና ብሎ አያት። እስከ ዛሬ የሚከተላት ያ አስተያየት ነው። ያላለውን አፉ ውስጥ ከተትኩበት፣ ተቀይሞኛል ብላ ደመደመች። በማግስቱ የሥራ መልቀቂያዋን በሰው ልካ፣ ስልክ ቁጥሯን ቀይራ ሳሪስ አባቷ ሱቅ ገባች። ፈሪ ነበረች፤ ይህን ራሷም አትክድም።

ያለፈው ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ ዘመድ ጠይቃ ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከአማረች ጎን ተቀመጠች። አማረች ያኔም ዛሬም የዚያው ፋብሪካ ሰፊ ናት። ተሳስመው ሲያበቁ ወሬው ወደ ሥራ ሄደ። ገዢው ኩባንያ አስገድዶ ሥራው ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ አማረች ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። መጀመሪያ ላይ ግን ትርፍ ሰዓቱ ሲቀር ደሞዙ አሽቆልቁሎ ስንቱ ቤት ተናግቷል።

«ያ ጉዲሳ አፉን መያዝ አቅቶት» አለች።

አቶ ሳህሌ አሥሩንም አሰልፈው፣ ተናጋሪው ካልታወቀ ሁላችሁም ትባረራላችሁ ብለው ነበር። ጉዲሳ ወጥቶ እኔ ነኝ አለ፤ እሱ ብቻ ተባረረ። አሁን አማረች ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከፍቶ ልብስ ያሳጥራል። ትዳርም አልያዘ። አማረች ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስታዋለች፤ የሚያጥር ሱሪ እንኳ የምትልከው በባሏ እጅ ነው።

ሒክማ የአማረችን ክንድ ያዘች።

«አማረች፣ እሱ ስምንት ነው ያለው። አሥራ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ።»

አማረች አፈጠጠችባት። ቁጣዋን ማን ላይ እንደምታወርደው የጠፋት ትመስላለች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ወደ ጉዲሳ ሱቅ ደወለች። ይቅር እንዲላት ለመነችው፤ ሒክማ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም እንደነገረቻትም ነገረችው። ከዚያ ስልኩን ለሒክማ አቀበለቻት።

«ተቀይመኸኛል ብዬ...» አለች ሒክማ።

«እኔማ ሳምንቱን ሙሉ የፋብሪካው በር ላይ ስጠብቅሽ ነበር።»

ድምፁ ያው ነው። ቀጥሎ ጠየቃት፤

«የት ደርሳችኋል?»

«አቃቂ፣ ድልድዩ ጋ።»

«እዚያው ውረጂ። መጣሁ።»

ሒክማ የአማረችን ስልክ እንደያዘች ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ» አለችው ረዳቱን።