ከባሕር ማዶ የቀረው ባሮ

«መልሰሽ የላክሽልኝ አንቺ አይደለሽም?» አለ ፈርገስ፣ የብሮናን የአጥር በር በአንድ እጁ እንደያዘ።

«ምኑን ነው የምመልሰው? መቼ ላክህልኝና? ክረምቱም አለፈ፣ ጸደዩም አለፈ፣ ድምፅህ ጠፋ።»

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጽጌረዳዬን እገርዛለሁ። እውነቱን ለመናገር ገርዤ የጨረስኩት ትናንት ነው። ግን ጎረቤት ጆሮውን የት ያድርገው?

ፈርገስ ከባሕሩ ማዶ፣ ከስኮትላንድ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ከእኛ ከአንትሪም ዳርቻ ቤቶቻቸው ነጭ ሆነው ይታያሉ። ከሦስት ዓመት በፊት ትልቁን ባሮ ሽንኩርት ለምንለይበት ውድድራችን መጥቶ የብሮናን ባሮ ሲለካ እጁ ተንቀጠቀጠ። ባሮው ከብዶት አልነበረም።

የእኛ ሰው ኃጢአቱን ለቄሱ ይናዘዝ ይሆናል እንጂ የባሮውን ዘር ለባዕድ አይሰጥም። የሚሰጠው ለልጁ ነው፤ ወይም ልጁን ለሚያገባት። የብሮና አባት ግን ያንን የሚንቀጠቀጥ እጅ አዩና፣ ሊሞቱ ሰሞን ለፈርገስ ስድስት ችግኝ ሰጡት። ምን ማለታቸው እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ገብቶታል። ሁለቱ ብቻ አፍረው ዝም አሉ።

ባለፈው ክረምት ዝናቡ የብሮናን ባሮ ከሥሩ አበሰበሰው። የአባቷ ዘር የቀረው ማዶ፣ ፈርገስ ባሮ በሚተክልበት ቦይ ውስጥ ብቻ ነው።

ፈርገስ ከብብቱ ሥር የጨፈለቀውን ካርቶን አውጥቶ ሰጣት። ስሟ በቀይ ተሰርዟል። ውስጡ የደረቀ ችግኝና ያልተከፈተ ደብዳቤ አለ።

«የገዛ ስሜን በቀይ የምሰርዘው ምን ሆኜ ነው?»

ያን ጊዜ ዝም ማለት አቃተኝ። «ቀዩ የወደቡ ፈታሾች ነው» አልኩ በአጥሩ ላይ። «ከማዶ ያዘዝኩትንም ጽጌረዳ እንዲሁ ሰርዘው ለሻጩ መልሰውለታል። ከማዶ የሚመጣ አፈር የነካ ነገር ያለ እፅዋት መርማሪ ወረቀት አይገባም። ወረቀቱ ደግሞ ለትልልቅ ነጋዴዎች እንጂ ለእኛ ለጓሮ ሰዎች አይሰጥም።»

ብሮና ፊቷ ቀላ።

«የአባቴ ባሮ ከዚህ ሲወጣ ማን ጠየቀው? ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው እንግዳ የሆነው? ያ አፈር እኮ ከዚህ የሚታየው ኮረብታ አፈር ነው። ወፉ በእግሩ ያመጣዋል፣ ነፋሱ ያመጣዋል። ነፋሱንም በቀይ ይሰርዙታ።»

«እኔን ጫማዬን አይተው አሳለፉኝ» አለ ፈርገስ።

«አንተን ምን ያደርጉሃል፣ አትበቅል።»

ደብዳቤውን ቀደደችው። አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ‹እነዚህን ከተከልሻቸው፣ እኔንም እንደተቀበልሽኝ እቆጥረዋለሁ።›

ደጋግማ አነበበችው። አንድ ወረቀት ላይ ያን ያህል የሚነበብ ነገር አልነበረም።

«ስድስት ወር» አለች በመጨረሻ። «ስድስት ወር ሙሉ እምቢ ያልኩህ መስሎህ ኖርክ። እኔ ደግሞ የአባቴን ዘር ይዞ ከዳኝ ብዬ ስረግምህ ከረምኩ። አንድ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ አደረገና ማታ ቤቱ ገብቶ ራቱን በላ።»

ፈርገስ ጫማውን እያየ፣ «ቦዬ ውስጥ አርባ ባሮ ቆመዋል» አለ። «ለመስከረሙ ውድድር ይደርሳሉ። ወደዚህ ግን አይመጡም።»

«ታዲያ?»

«አንቺ ወደዚያ ነይ። አንቺን የሚከለክል ሕግ እስካሁን አላወጡም።»

ብሮና የጥፍሯን አፈር በአውራ ጣቷ ፈገፈገች። አየችው፤ አላየችውም፤ ደግሞ አየችው።

«እኔ ከሄድኩ ይህን ጓሮ ማን ያየዋል?»

መቀሴን ቶሎ ቶሎ አንቀጫቀጭኩ፤ የምቆርጠው ቅርንጫፍ ግን አልነበረም።

«እትዬ ኔሳ፣ ሰምተዋል?» አለች፣ ዞር ሳትል።

«ኧረ ምንም አልሰማሁ» አልኩ። «ጓሮሽ ውኃ የሚጠጣው ግን ጠዋት ነው ማታ?»