የከማሉ ትንሿ ቶርኖ

ከማሉ ቡታጅራ ውስጥ በምትገኘው ጠባብ የጥገና ሱቁ፣ ብረት በሚቀርጽባት ትንሽ ቶርኖ ላይ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የአንገት ሻርፑ በሚሽከረከረው የቶርኖዋ ራስ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ያየ ሁሉ ማሽን በላው አለ። ሐኪሙ ግን ጉሮሮው ላይ የጣት ሰንበር አገኘ። ፖሊስም ሬሳውን ቀድሞ ያየውን ታናሽ ወንድሙን፣ ልብስ ሰፊውን ራምዚን፣ አሰረ። ለቶርኖዋ ያዋሰውን የስፌት መኪና ሞተር መልስልኝ እያለ ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቶታል። ጎረቤት ደግሞ ምን ይሳነዋል፣ የሰማውን አጋኖ ተናገረ።

ኢንስፔክተር አዛለች ከወልቂጤ ስትደርስ የወንድማማቾቹ እናት በር ላይ ጠበቋት። ሰፈሩ ሁሉ ኡሚ ይላቸዋል። እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በክንዷ ደገፈቻቸው።

«ልጄ፣ አንዱን አፈር አለበስኩት። ሁለተኛውን ወህኒ ካስገባችሁብኝ እኔንም ቅበሩኝ» አሏት።

አዛለች ቃል አልገባችላቸውም። ተስፋ መስጠትማ ቀላል ነው፤ መልሶ መንጠቁ ነው የሚከብደው።

ራምዚ እስር ቤት ሆኖ ሁሉንም ነገራት። ከማሉ ቶርኖዋን የገዛት ከአሮጌ ብረት ነጋዴው ከባልቻ ነው። የየት አገር ሥራ እንደሆነች ለማወቅ ዝገቷን በነጭ ጋዝ ሲያጥብ ከረመ። በመጨረሻ እግሯ ሥር ያገኘው የከተማውን የሙያ ማሰልጠኛ ምልክት ነበር። የተሰረቀች ነች፣ እመልሳታለሁ አለ። እንግዲያው ሞተሬን ፍታልኝ አለው ራምዚ። ጠባቸው ይኸው ነው።

አዛለች ቶርኖዋን ገልብጣ አየች። ምልክቱ በሞረድ ተፍቋል፤ የተፋቀው ቦታ ገና አልዛገም።

ባልቻን ጠየቀችው። ከመንገደኛ ገዛኋት፣ ከማሉ ሲያሠራትም መሽከርከሯን በጣቴ አቁሜ በአቅመ ቢስነቷ ስቄባታለሁ አለ። የማሰልጠኛውን የዕቃ ቤት ኃላፊ ያረጋልንም ጠየቀችው።

«እንዲህ ያለች ዕቃ ካየሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ።

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ራምዚ እጁ በካቴና ታስሮ ነበር፤ ኡሚ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አዛለች የራሷን ሻርፕ ቶርኖዋ ላይ ጠምጥማ ጫፉን በእጇ ያዘችና ሞተሩን አስነሳች። ቶርኖዋ ጥቂት ጎተተች፣ አቃሰተች፣ ቆመች።

«ይቺ ሰው ማነቅ አትችልም» አለች። «ገዳዩ በእጁ አንቆ ገደለውና ማሽን የበላው አስመሰለ። ራምዚ ይህን ሞተር ቀኑን ሙሉ በመዳፉ ሲያቆም የሚውል ልብስ ሰፊ ነው። ባልቻም በጣቱ አቁሟታል። አቅሟን ሁለቱም ያውቃሉ። ይቺ ሰው ታንቃለች ብሎ የሚያምን፣ ትልልቆቹን ቶርኖዎች ብቻ ያየ ሰው ነው። ትልልቆቹ ባሉበት ማሰልጠኛ ግድግዳ ላይ ‹ሻርፕ አውልቁ› የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። ምልክቱን መፋቅ የሚጠቅመውም ሰርቆ የሸጣትን ሰው ነው። ባልቻ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ከማን ገዛሃት?»

ባልቻ የተሰረቀ ዕቃ ገዛህ እንዳይባል ነበር የዋሸው። አሁን ግን የኡሚን ፊት አየና በአገጩ ወደ ያረጋል አመለከተ።

ያረጋል አመነ። ቶርኖዋ ሞተር ሳይኖራት ዕቃ ቤት ስትዝግ የኖረች ስለሆነች ማንም አይፈልጋትም ብሎ ነበር የሸጣት። ከማሉ ደግሞ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ንብረታችሁ ተገኝቷልና ና ውሰድ ብሎ ራሱ ሄዶ የነገረው ለእሱው ነበር።

«ዝም በል ብዬ ለመንኩት» አለ ያረጋል። «ልጆች አሉኝ አልኩት። እምቢ አለኝ።»

ያረጋልን ወሰዱት፤ የራምዚም ካቴና ተፈታ። ኡሚ ግን አልተነሡም።

«ልጄ፣ ከማሉ ዝም ቢል ኖሮ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር?» ሲሉ አዛለችን ጠየቋት።

አዛለች አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ይኖር ነበር፣ እናቴ።»

ኡሚ ተነሥተው የራምዚን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተ ምንም ብታይ ዝም በል። ሰው ሲሰርቅም ብታይ ዝም በል። እኔ የምፈልገው አንተን ብቻ ነው» አሉት።

ራምዚ እንባው እየወረደ እሺ አላቸው።