አይዞሽ እግሬ

ነጂማ አምስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ደሴ ውስጥ፣ ጉም የሚበዛበት ሰፈር ነው።

ክረምት ገብቷል። ዝናቡ ጠዋት ይጀምራል፤ ማታም አይበቃውም። ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ነጂማ ግን ዝናብ አይነካትም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ታየዋለች።

ግራ እግሯ ተሰብራ ነበር። እርጥብ ደረጃ ላይ አዳልጧት፣ ዘጭ! ብላ ወድቃ።

ብዙ ሳምንት ያቺ እግር ጄሶ ውስጥ ከረመች። ጄሶው ከባድ ነበር። ደግሞ ያሳክካል!

አሁን ጄሶው ወልቋል። እግሯ ግን እንደ ቄጠማ ቀጥናለች።

«ይቺ የኔ እግር አይደለችም» አለች ነጂማ። ብርድ ልብሱን ስባ ሸፈነቻት።

አባቷ ባጃጅ ነጂ ነው። አመሻሽ ላይ ከግቢው በር ሲደርስ ጲጵ! ጲጵ! ያደርጋል።

እግሯ ሳትሰበር በፊት፣ ነጂማ ይህን ስትሰማ ሮጣ ወደ በሩ ትሄድ ነበር። «ማነው?» ትላለች፣ እያወቀች።

«እንግዳ ነኝ!» ይላል አባቷ። ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።

አሁን ግን ጲጵ! ጲጵ! ቢል የሚሮጥ የለም። አባቷ በዝናብ እየራሰ በሩን ራሱ ይከፍታል።

ነጂማ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አንድ ቀን አባቷ አዝሏት ሐኪም ቤት ሄዱ። እዚያ የታመመ እግር የሚያለማምዱ ሴት አሉ። ሲስተር አመለወርቅ ይባላሉ።

ሲስተር ቀጭኗን እግር በሁለት እጃቸው ያዙ። እጃቸው ይሞቃል።

«እግርሽ እኮ ፈርታለች» አሉ። «አንቺ ስትፈሪ እናትሽ ምን ትልሻለች?»

«አይዞሽ ትለኛለች።»

«እስቲ አንቺም እግርሽን አይዞሽ በያት።»

ነጂማ አፈረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አይዞሽ እግሬ» አለች።

«እንቆማለን!» አሉ ሲስተር።

«እንቆማለን» አለች ነጂማ።

«እንሄዳለን!»

«እንሄዳለን።»

«ጎበዝ! ጠዋት ጠዋት ዓይንሽን ጨፍነሽ ይህን በይ። ስትሄጂም ይታይሽ» አሉ። ትንሽ ምርኩዝም ሰጧት።

በማግስቱ ነጂማ ዓይኗን ጨፈነች። «አይዞሽ እግሬ! እንቆማለን! እንሄዳለን!»

እንደ ነፋስ ስትሮጥ ታያት። ደረጃውን ዘላ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ በሩ ጋ ስትደርስ!

ዓይኗን ገለጠች። ከአልጋው ዘላ ወረደች።

ዘጭ!

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች ነጂማ፣ ወለሉ ላይ ሆና። «አይዞሽ ብያት ነበር! አልሰማችኝም!»

እናቷ ሮጣ መጣች። እቅፍ አድርጋ አነሳቻት።

ከዚያ በኋላ ነጂማና እግሯ ተኳረፉ። ሦስት ቀን ሙሉ አላናገረቻትም።

ውጭ ጉሙ ወፍራም ነበር። በመስኮት የግቢው በር እንኳ አይታይም።

በአራተኛው ቀን አባቷ እንደገና አዝሎ ወሰዳት።

«ዓይንሽን ስትጨፍኚ ምን ታየሽ?» አሏት ሲስተር።

«ስሮጥ።»

«አይ የኔ ልጅ! ሩጫ ገና ሩቅ ነው። መጀመሪያ ወለሉን እዪው። ይቀዘቅዛል?»

«በጣም!»

«እግርሽ ያን ቀዝቃዛ ወለል ስትነካ ይታይሽ። ከዚያ ስትቆሚ። ከዚያ አንድ እርምጃ ስትሄጂ። አንድ ብቻ! ከዚያ ተነሺና ያየሽውን አድርጊው።»

«ብወድቅስ?»

«ትወድቂ ይሆናል። ያምሽም ይሆናል። ስትነሺ ደግሞ አይዞሽ ትያታለሽ።»

በማግስቱ ነጂማ ዓይኗን ጨፈነች። ወለሉን አየችው። ቀዝቃዛ ነው።

«አይዞሽ እግሬ! እንቆማለን! እንሄዳለን!»

አልጋውን ይዛ ተነሳች። እግሯ ተንቀጠቀጠች። ነጂማም ተንቀጠቀጠች።

ኳ! አለ ምርኩዙ። ሸርተት አለች እግሯ። አንድ እርምጃ!

በሌላ ቀን እስከ ወንበሩ ሄደች። ኳ! ሸርተት። ኳ! ሸርተት።

በሌላ ቀን ወደቀች። አለቀሰች። ያን ቀን ከአልጋዋ አልተነሳችም።

በሌላ ቀን ደግሞ እስከ ቤቱ በር ደረሰች። ነፋሱ ፊቷን መታት። ቆማ አሸተተችው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተለወጠ። ሰማዩ ግን ጥቁር ነበር።

ጲጵ! ጲጵ!

ነጂማ ዓይኗን ጨፈነች። ደረጃው ታያት። ያ ያዳለጣት ደረጃ! ልቧ ድው ድው አለ።

«አይዞሽ እግሬ» አለች። «እንቆማለን። እንሄዳለን።»

ግድግዳውን ይዛ ደረጃውን ወረደች። ኳ! ሸርተት። ኳ! ሸርተት። ጭቃው ጣቶቿ መሃል ገባ።

ግቢው መሃል ስትደርስ እግሯ ደከመች። ምርኩዙም ኳ! ማለት አቃተው። የግቢው በር ገና ሩቅ ነው።

አባቷ እንደ ሁልጊዜው በሩን ራሱ ከፈተ። ቀና ሲል አያት፤ ካፊያው ውስጥ ብቻዋን ቆማለች።

«አባ» አለች ነጂማ። ድምጿ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «እስከዚህ ነው የቻልኩት።»

አባቷ ባጃጁን እዚያው ትቶ ወደ እሷ መጣ። ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ።

«ይበቃል፤ የቀረውን እኔ መጣሁ» አላት።

አዝሏት ገባ። ማንም አልሳቀም። አባቷ ግን ጀርባው ላይ ይዟት ብዙ ቆየ።

እናቷ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ አመጣች። የነጂማ ሁለቱም እግሮች በጭቃ ተለውሰዋል።

«እማ፣ ጫማ አላደረግኩም» አለች ነጂማ፣ ቁጣ ፈርታ።

እናቷ አልተቆጣችም። ቀጭኗን እግር ሳፋው ውስጥ ነከረቻት፤ አንድ በአንድ ጣቶቿን አጠበች።

«ይቺ እግር ከቆሸሸች ስንት ጊዜዋ!» አለች እናቷ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ፈገግ ብላ።

ውጭ ጠብ! ጠብ! ጠብ! ይላል። ነጂማ እግሯ ሳትደርቅ፣ በእናቷ እጅ ላይ እንዳለች፣ እንቅልፍ ወሰዳት።