ከድልድዩ እንደገና

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እናትየው ያንን ቃል የተናገሩት ሽንኩርት እየከተፉ፣ ሳያስቡት ነው።

«ለሹፌር አልድርሽም ብያለሁ፣ አልድርሽም። ያንን ዳገት በዚያች ብስክሌትሽ እግርሽ መሬት ሳይነካ የወጣሽ ዕለት፣ ያኔ ጠይቂኝ።»

ልጅቷ የምታደርቀውን ሳህን አስቀመጠች።

«ከየት ጀምሮ?»

«ከድልድዩ ነዋ። ከየት ሊጀምር ኖሯል?»

«እስከ አፋፉ?»

«እስከ አፋፉ፣ እስከ ሰሌዳው።»

«እሺ» አለች።

እናትየው እንባቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ሳቁ። ከድልድዩ እስከ አፋፉ አሥራ አራት ኩርባ አለ። የጭነት መኪና እንኳ መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሽ የሚወስድበት ዳገት ነው። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ መነጽር ቤት ተቀምጣ የመነጽር መስተዋት ስትሞርድ የምትውል ቀጭን ልጅ ናት።

እውነቱን ለመናገር እናትየው ሹፌር የጠሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሟች ባላቸው የጭነት መኪና ነጂ ነበሩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ያልደረሱበትን «ደርሻለሁ» ማለት ይወዱ ነበር። «ድልድዩ ጋ ደርሻለሁ፣ ራት አቅርቢ» ብለው ይደውላሉ፣ የሚመጡት በማግስቱ ነው። እናትየው ሃያ ዓመት ሙሉ የቀዘቀዘ ራት ሲከድኑ ኖረዋል። «ሹፌርን በዓይንሽ ሳታዪው ደረሰ አትበይ» የሚሉት ለዚህ ነው።

የልጅቷ ሹፌር ግን የሕዝብ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። የተዋወቁት ባለፈው ዓመት፣ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት መነጽር ልታደርስ በብስክሌቷ ስትወጣ ነው። ስድስተኛው ኩርባ ላይ ጉልበቷ ከድቷት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለ አውቶቡሱ አጠገቧ ቆመ።

«እህት፣ ልጫንሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ በራሴ እግር እወጣዋለሁ።»

«እግርሽማ አርፎ ተቀምጧል።»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቀች።

«ጥፋትሽን ልንገርሽ?» አለ መሪው ላይ ተደግፎ። «ከድልድዩ ስትነሺ ትሮጫለሽ። እኔ ስልሳ ሰው ጭኜ ከታች ጀምሮ በአንደኛ ማርሽ ነው የምወጣው። የቸኮለ መኪና ውሃው ይፈላል። አንቺም እየፈላሽ ነው።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትለኝ ነው?»

«በዚህ አያያዝሽ እንቁላሉ ይቀድምሻል።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያልፋት ሁለቴ አጭር ክላክስ ያደርጋል። እሷም ቀና ሳትል ከመሪው ላይ አንዲት ጣት ታነሳለታለች። ለወራት የተነጋገሩት ይህንኑ ነው። በኋላ ጣቷ ሰላምታ ሆነች፣ ሰላምታው ሻይ ሆነ፣ ሻዩ ሲደጋገም አንድ ቀን «ላግባሽ» አላት። ትወደው ነበርና ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባትም። የቀሩት እናትየው ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ስምንት ቅዳሜ ሞከረች። አንዴ ዘጠነኛው ኩርባ ላይ፣ አንዴ አሥራ አንደኛው ላይ እግሯ መሬት ነካ፤ እየተመለሰች ለእናቷ ነገረቻቸው። በዘጠነኛው ሳምንት እናትየው ነጠላ ጫማቸውን ትተው ደህናውን ጫማ አደረጉ።

«በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» ብለው የዚያኑ ሹፌር አውቶቡስ ተሳፍረው ከጀርባው ተቀመጡ። አፋፉ ላይ ሊጠብቋት ነው። እሷ ግን ጎህ ሲቀድ ከድልድዩ ተነስታለች።

በአንደኛ ማርሽ ወጣች። አልቸኮለችም። አሥራ ሦስት ኩርባ ከኋላዋ ቀረ። አሥራ አራተኛው ላይ ግን መንገዱ ጠጠር ነበር፤ የኋላ ጎማዋ ተንሸራተተና ግራ እግሯ መሬት ነካ።

ለዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። መንገዱ ላይ ማንም የለም። ሰሌዳው ከፊቷ ይታያል፣ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው።

ልቧ በጣም ተመኘ። እሱን ፈልጋዋለች፣ ከዚያም በላይ ደክሟታል። «ማን አየኝ?» አለች ለራሷ። ደግሞ የአባቷ የስልክ ድምፅ ትዝ አላት፤ «ድልድዩ ጋ ደርሻለሁ»። ሱቅ ውስጥ ልኩ በጥቂት የሳተ መስተዋት ቢያጋጥማት ደንበኛው አያውቅም፣ ራሱን ሲያመው ሌላ ነገር ይመስለዋል። እሷ ግን አውጥታ ትጥለዋለች።

ብስክሌቷን አዞረች።

አምስተኛው ኩርባ ላይ አውቶቡሱ እየወጣ አገኛት። ሁለት ክላክስ። ፍሬን ይዛ ነበርና ጣቷን አላነሳችም፣ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። በአውቶቡሱ የፊት መስተዋት ውስጥ ፊቱ ሲጠቁር አየችው። የገረማት የእናቷ ፊት ነው፤ እሳቸውም ደስ አላላቸውም።

ድልድዩን እንደነካች ዞረች። እንደገና አንደኛ ማርሽ።

ሁለተኛው መውጣት ከመጀመሪያው የተለየ ነበር። ጭኗ ይቃጠላል፣ ላቡ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ መንገዱ ይደበዝዝባታል። ስድስተኛውን ኩርባ፣ ያንን ድንጋይ አለፈችው። ከዘጠነኛው በኋላ ኩርባ መቁጠር ትታ የፔዳሉን ዙር ብቻ ተከተለች። አሥራ ሦስተኛውን ስትጨርስ ከላይ ሁለት አጭር ክላክስ ሰማች። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት አርፎ እየተመለሰ ነው፤ እናትየውም ጥበቃው ቢረዝምባቸው ተሳፍረውበታል።

መንገዱ ጠባብ ነበር። ሹፌሩ ሳያመነታ ጥግ ያዘ፤ እናትየው ግን ያም አልበቃቸውም።

«ለሚወጣ ቅድሚያ ነው» አሉት ትከሻውን መታ አድርገው። «ሞተሩንም አጥፋው፣ ጭሱ እንዳይገባባት።»

አጠፋው። በጸጥታው ውስጥ የሰንሰለቷ ድምፅ ብቻ ተሰማ። እናትየው በመስኮት ብቅ አሉ።

«የት ጠፍተሽ ነው?»

«እግሬ… ነካ። ያኛው ጠጠር ላይ።» ትንፋሿ ቆራረጣት። «ከድልድዩ… እንደገና ነው።»

«ማን አይቶሽ?»

«ማንም።»

አልቆመችም፤ አለፈቻቸው። የአውቶቡሱ በር ሲከፈት፣ ከኋላዋም ፈጣን እርምጃ ሰማች።

ጠጠሩ ላይ ጎማዋ እንደገና ተንሸራተተ። መሪውን ጨብጣ በዳር በኩል፣ እንደ ኤሊ እያዘገመች አለፈችው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለጥ አለ፣ ነፋሱም ከማዶ መጥቶ ፊቷን መታው። የሰሌዳውን ብረት አቀፈች። ሁለቱም እግሮቿ ግን ፔዳሉ ላይ ነበሩ።

እናትየው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እያለከለኩ ደረሱ።

«እማ፣ እግሬን ላውርድ?»

«አውርጂ ልጄ።»

አወረደች። እናቷ ላይ ተደገፈች፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

«ሲነካም ሳይነካም ማንም አላየኝም፣ እማ። ታምኚኛለሽ?»

«ውሸታም ብትሆኚ ኖሮ ከሁለት ሰዓት በፊት ደርሰሽ ነበር» አሉ እናትየው፣ ላቧን በመዳፋቸው እየጠረጉላት።

ሹፌሩ ተሳፋሪውን ትቶ እየሮጠ መጥቶ ነበር፤ ራቅ ብሎ ቆመ። እሷ አንዲት ጣት አነሳችለት። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ለመደበቅም አልሞከረም።

«ና ወዲህ» አሉት እናትየው። «እሁድ በስድስት ሰዓት ምሳ ትመጣለህ። ስድስት ማለት ስድስት ነው።»

«እሺ፣ እማማ።»

እሁድ እናትየው ምሳውን አወጡና፣ በልማድ መክደኛውን አነሱ። ሊከድኑት ሲሉ ከውጭ የብስክሌት ደወል ሁለቴ አጭር ጮኸ። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ሹፌሩ በላብ ተጠምቆ፣ ከሰው የተዋሳትን ብስክሌት ይዞ ቆሟል። የግድግዳው ሰዓት ልክ ስድስት ይላል።

እናትየው መክደኛውን ወደ ቦታው መለሱ። ከምግቡ ገና እንፋሎት ይወጣ ነበር።