የጤነኛዋ እህት ናሙና

ነገሩ የጀመረው በጽሕፈት ነው። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ፊደል ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄዶ ከፊት የተቀመጡት ተማሪዎች እንኳን ማንበብ አቃታቸው። ቀጥሎ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እርምጃውም አጠረ። ሐኪሙ መርምሮ «ፓርኪንሰን የሚባል የአንጎል በሽታ ነው» አለው።

እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ የሰው ዓይን ግን ትፈራለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አንተ ጓዳ ግባ፤ ሰክሯል ይሉሃል» ትለዋለች። እሱም ግድግዳውን እየተደገፈ ይገባል። ወዳጆቹ «የት ጠፋ?» እያሉ ጠይቀው ጠይቀው ቀሩ። ያ ጨዋታ አዋቂ ሰው ቃል ሳይተነፍስ የሚውልበት ቀን በዛ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ለምርምር የሚሆን ትንሽ ቆዳ ከክንዱ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀው። መምህሩ እሺ ሲል እህቱ ቱግ አለች።

«ወንድሜን መሞከሪያ ልታደርጉት ነው? ደግሞ በሽታው ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ፣ እናንተ የምትቆርጡት ክንዱን!»

«እትዬ፣» አላት ወንድሟ ቀስ ብሎ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ‹ያልገባችሁን ጠይቁ› ስል ኖሬ፣ ዛሬ የሚጠይቅ ሲመጣ ልደበቅ?»

እህቱ እያጉረመረመች አብራው ሄደች፤ እሱም ቆዳውን ሰጠ።

ከወራት በኋላ አንዲት ተመራማሪ ሁለቱንም ወደ ቤተ ሙከራ ጠራቻቸው።

«እናቴ፣ በሕይወት ያለ ሰው አንጎል እንደተፈለገ ተከፍቶ አይጠናም» አለቻት። «ስለዚህ የወንድምዎን የቆዳ ሕዋሳት ወደ ግንድ ሕዋስነት መለስናቸው። ግንድ ሕዋስ ማለት ምን እንደሚሆን ገና ያልለየለት፣ ልብም አንጎልም ሊወጣው የሚችል ሕዋስ ነው። ከዚያ የአንጎል ሕዋስ እንዲሆኑ አሳደግናቸው። ይኸው፣ ይመልከቱ።»

እህትየዋ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ቀጫጭን ክር የመሰለ ነገር እርስ በርሱ ተያይዟል።

«ይሄ የሱ ነው? በሕይወት አለ?»

«አለ። በሽታው ሕዋሳቱን እንዴት እንደሚጎዳ እዚህ እናያለን። አዲስ መድኃኒትም መጀመሪያ የምንሞክረው እሳቸው ላይ ሳይሆን እነዚህ ላይ ነው።»

«ታዲያ ይድንልኛል?»

ተመራማሪዋ አልዋሸቻትም። «ለእሳቸው ይደርሳል ብዬ ቃል አልገባም፤ ከኋላ ለሚመጡት ግን መንገድ ይከፍታል። አሁን የጎደለን ከታመመው ጋር የምናስተያየው የጤነኛ ዘመድ ናሙና ነው። አስበውበት…»

እህትየዋ ነገሩን አላስጨረሰቻትም፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። «የኔን ውሰዱ። አንድ ማኅፀን ነው ያፈራን።»

ሲወጡ ክንዱን ይዛ፣ በእሱ እርምጃ ልክ እየሄደች፣ በሰው መሐል በዋናው መንገድ አለፈች። የሚያውቃቸው ሰው አስቁሞ ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ራሷ መለሰች፦ «ፓርኪንሰን አሞት ነው። ለጥናቱ እኔም እሱም ከቆዳችን ሰጥተናል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላት መምህሩ።

በየጓዳችን የሸሸግናቸው ሕሙማን ጥፋት የለባቸውም። ሕመማቸውን በስሙ እንጥራ፤ ፈቅደው ከገላቸው ለሰጡን፣ ነገ በስጦታቸው የሚድነውን ሰው ወክለን፣ ዛሬውኑ እናመስግናቸው።