ሳይሰማ የሰጠው ድምፅ

የምክር ቤቱ አባል በማዘጋጃ ቤቱ የጓሮ ደረጃ ግርጌ ተደፍቶ የተገኘው የከሰዓቱ ጉባኤ ሊከፈት ሲል ነው። ያገኘው የረጅም ዘመን ወዳጁ፣ የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጩኸቱን ሲያቀልጠው የሕንጻው ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሟች ልጅ ከሁሉም ኋላ ደረሰች። በምክር ቤቱ የአባቷ ረዳት እሷ ነበረች። አስከሬኑን ስታይ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች።

ከተማው አባቷን የሚያውቀው «ጆሮ» በሚል ቅጽል ስም ነው። መምህር ሳለ ለሰፈሩ የውሃ ቧንቧ ደጅ ሲጠና ከረመና ተሳካለት፤ በዚያው ሰው ገፋፍቶ ምክር ቤት አስገባው። ደግሞ ተመረጠ፣ ደግሞም ተመረጠ። ሌሎቹ አባላት ሰዓታቸውን እያዩ ባለጉዳይ ሲሸኙ፣ እሱ ወንበሩን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ከሰውየው ፊት ሳይነቅል እስከ መጨረሻው ያዳምጥ ነበር።

የተላከችው መርማሪ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ብቻ ግን አልነበረም። አስከሬኑን ዞር ዞር ብላ አየችና ደረጃውን ወጣች። ከላይ ካለው በር ጀርባ ጎንበስ ብላ ከሟቹ ኮት የተገነጠለ ቁልፍ አነሳች። ክሩ ብቻ ሳይሆን የጨርቁ ቅዳጅም አብሮት ነበር።

«አዳልጦት የወደቀ ሰው ቁልፉ ከነጨርቁ አይገነጠልም» አለች። «ፊት ለፊት ቆሞ ደረቱን የጨበጠው ሰው አለ።»

ምርመራውን የጀመረችው እዚያው በሟቹ ቢሮ ነው። ልጅቷ በጎን ባለችው ክፍል ተቀምጣለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች።

ሰብሳቢው ዓይኑን በመሀረብ እየጠራረገ ገባ።

«ምሳ እንደበላን ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልክ ደወለልኝ። ‹ራሴን አዞረኝ፤ እናንተ ጀምሩ፤ እደርሳለሁ› አለኝ። ሲዘገይብኝ ልፈልገው ወጣሁ። ወይ ወንድሜን!»

ተቋራጩም ይህንኑ አረጋገጠ። «እኔው ፊት ነው ያነሳው። ‹እሺ፣ አረፍ በል› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ከሟቹ ኪስ በተገኘው ስልክ ላይም ጥሪው ቁጭ ብሏል። እንግዲያው ሟቹ ከጥሪው በኋላ በሕይወት ነበር፤ ሰብሳቢው ደግሞ ከዚያ በኋላ አስከሬኑን እስኪያገኝ ድረስ ከሰው አልተለየም። ብቻውን የነበረው የማዘጋጃ ቤቱ ሾፌር ነው።

«ባለፈው ግቢ ውስጥ ጮኸህባቸዋል ይባላል» አለችው መርማሪዋ።

«አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ» አለ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ። «እናቴ የምትሠራባት ሱቅ ከሚፈርሱት አንዷ ናት። ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ሳለ ሱቆቹ እንዲፈርሱ ያስወሰነው የእሳቸው እጅ ነው። ከኋላቸው እየተከተልኩ የአፌን ሁሉ አወረድኩት።»

«እሳቸውስ ምን አሉህ?»

«ድንገት ዞር ብለው አዩኝና ‹ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሃል?› አሉኝ። ያን ሁሉ ተሳድቤ! ፊታቸው ቆሜ እንደገና ስነግራቸው አመድ መሰሉ። ‹እኔ ነኝ ሱቆቹ እንዲፈርሱ ያስወሰንኩት?› አሉ። አፈርኩ፤ ሌላ ምን ልበልዎት?»

መርማሪዋ ከወንበሯ ተነሳች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ዞረ። የሟቹ ጠረጴዛ ውብ እይታ ላለው መስኮት ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ ዞሯል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ አቧራ ለብሷል፤ ከፈተችው፤ ባትሪ የለውም።

ከዚያ ልጅቷን ጠራቻት። ልጅቷ ገብታ የመርማሪዋን ክንድ በጣቷ ነካ አደረገች፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ ከዚያ በኋላ ነው አፏን የከፈተችው።

«ምን ልታዘዝ?»

«አባትሽ ለሰብሳቢው ስልክ መደወላቸው ይገርምሻል?»

ልጅቷ መልሱን ታውቀዋለች። መልሱ ግን ከእሷና ከአባቷ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር ይዞ ይወጣል።

«ሊደውል ይችላል» አለች።

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ስትጠጋ ፖሊሶች ሾፌሩን በግቢው ሰው መሐል ይዘውት ሲሄዱ አየች። አንገቱን ሰብሮ ይራመዳል። አንድ ቃል ከአፏ ቢወጣ ይለቁት ነበር። ፊቷ ተቃጠለ፤ ቃሏ ግን አልወጣም።

አባቷ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መስማት እያቃተው ሄዶ በመጨረሻ ጆሮው ጭራሽ ተዘግቶበት፣ ፊት ለፊት የሚያወራውን ሰው ከከንፈሩ እያነበበ ይረዳ ነበር። «በቃኝ፣ ሥራውን ልተወው» ሲላት፣ «እኔ አለሁልህ» ያለችው እሷ ናት። ለእሱ አዝና ብቻ አልነበረም። በሄደችበት ሁሉ «የጆሮ ልጅ» እየተባለች ወንበር ይለቀቅላታል፤ ይህን ማጣት አልፈለገችም። «ጆሮ ደንቆሮ ሆነ» ብለው የሚስቁባቸውን ሰዎች ገና ሳይስቁ ፈራቻቸው። ስለዚህ በጉባኤ ከኋላው ትቀመጣለች፤ ወንበሩን በእግሯ ስትነካ እሱ እጁን ያወጣል። የሱቆቹ ጉዳይ በቀረበበት ቀን ግን የአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነበረች። ያለ እሷ የተቀመጠው አባቷ፣ ጎኑ የነበረው ሰብሳቢ እጁን ሲያወጣ አይቶ የራሱንም አወጣ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪዋ ሁሉንም በጉባኤው አዳራሽ ሰበሰበች። ሾፌሩንም አስመጣችው። ወሬ የሰማው የከተማ ሰው ደግሞ በሩ ላይ ታጭቋል።

«ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ስልኩ ላይ ነው» ብላ ጀመረች። «ጥሪው እውነት ነው። ግን ማን ደወለ? ሾፌሩ ከኋላቸው ሲሰድባቸው ያልዞሩ ሰው፣ ፊታቸው ሲቆም ሁሉም ነገር ገባቸው። ቢሯቸው ውስጥ ያለው ሬዲዮ ባትሪ የለውም። ወንበራቸው የገባውን ሰው ፊት እንዲያይ ተደርጎ ተቀምጧል። ልጃቸው ደግሞ ሰውን ሳትነካና ፊቷን ወደ ብርሃን ሳታዞር አትናገርም። እንዲህ የምትለምደው ከማን ጋር ስትኖር ነው?»

መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ትናንት የጠየቅኩሽን እንደገና ልጠይቅሽ።»

ልጅቷ ተነሳች። ሾፌሩ ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑን መቋቋም አቃታት።

«አባቴ ስልክ አያናግርም» አለች። «አይሰማም ነበር። ትናንት ዋሽቻለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። መርማሪዋ እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው።

«ስለዚህ በስልክ አነጋገሩኝ ያለው ሰው ያወራው ከማንም ጋር አይደለም። ሟቹን ደረጃው አናት ላይ ኮታቸውን ጨብጦ ገፈተራቸው፤ ስልካቸውን ወሰደ። ስብሰባው ላይ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ራሱ ስልክ ደወለና ሰው ፊት አነሳው። ‹ልፈልገው› ብሎ ሲወጣ ስልኩን ኪሳቸው መለሰና ጮኸ። ሾፌሩ ከነገራቸው በኋላ ሟቹ ጉባኤው ላይ ቆመው ድምፁ እንደገና ይሰጥ ሊሉ ነበር፤ የሱቆቹ መሬት ደግሞ አስቀድሞ ለተቋራጩ ቃል ተገብቷል። አይደለም እንዴ፣ ሰብሳቢ?»

ሰብሳቢው ከንፈሩ ነጥቶ ልጅቷ ላይ አፈጠጠ።

«‹ምን ላይ ድምፅ እንደሰጠሁ አልሰማሁም፤ ለሕዝቡ እናገራለሁ› ሲለኝ… ሰበብ የፈጠረብኝ መስሎኝ…» ብሎ የተናገረው ለራሱም ሲሰማው አፉን በእጁ ያዘ። የረፈደ ነበር። ተቋራጩ ከጎኑ ተነስቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ሰብሳቢውን ሲወስዱት፣ የተለቀቀው ሾፌር በልጅቷ አጠገብ አለፈ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለችው።

«ሌሊቱን እስር ቤት ሳድር እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር» አላት። ከዚያ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን አንዲት አሮጊት ሴት ወደ ኋላ ቀሩ። ሱቃቸው ከሚፈርሱት መደዳ ውስጥ ነው። ቀስ ብለው መጥተው ልጅቷ ፊት ቆሙ።

«ልጄ የሞተብኝ ጊዜ አባትሽ ዘንድ መጥቼ ሁሉንም ነግሬው ነበር» አሉ። «ለሌላ ሰው ያልተናገርኩትን። እጄን ይዞ ሲያለቅስ፣ ‹የሚሰማኝ አገኘሁ› ብዬ ቀሎኝ ሄድኩ። ያኔስ ይሰማኝ ነበር?»

ልጅቷ አንድ ውሸት ብትጨምር አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይሰማዎትም ነበር፣ እማማ» አለች። «እያለቀሱ ስላወሩም ከንፈርዎን ማንበብ አልቻለም። ምን እንዳሉት የነገርኩት እኔ ነኝ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ። ያለቀሰው ግን ገና ሳልነግረው ነው።»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ይቅር ይበሏት አይበሏት ከፊታቸው አይነበብም ነበር። በመጨረሻ ነጠላቸውን አጣፉና፣ የአዳራሹን ደረጃ መውረድ ስለፈሩ፣ ክንዷን እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።